ገጠር ጤና ጣቢያ ለተመደባችሁ የሕክምና ተማሪዎች

ገጠር ተመድበሃል ሲባል ፊቱ የማይጠቁር የሕክምና ተማሪ ጥቂት ነው። ይገባኛል። ስፔሻሊስት የለም፣ ሲቲ ስካን የለም፣ የክፍል ጓደኞቻችሁ ትልቅ ሆስፒታል ውስጥ በስም ብቻ የምታውቁትን ኬዝ እያዩ እናንተ ሳልና ተቅማጥ ስታዩ ልትከርሙ ነው። ፈተናውስ? እኔም ስመደብ የሰማሁት ይህንኑ ነበር። አንድ የትምህርት ዓመት በትንሽ የገጠር ጤና ጣቢያና በዙሪያው ባሉ መንደሮች ከተማርኩ በኋላ ግን፣ ሐኪም ያደረገኝ ያ ዓመት ነው ብዬ አምናለሁ። ይህን የምጽፈው ምደባው ወጥቶ እንቅልፍ ላጣችሁ ነው። ምን እንደምታገኙ፣ ምን እንደሚቀርባችሁ፣ ከመሄዳችሁ በፊት ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ የማውቀውን ልንገራችሁ።

ትልቁን ነገር ላስቀድም። ገጠር ውስጥ ታካሚው ተመልሶ ይመጣል።

ተራ ነገር ሊመስላችሁ ይችላል። አይደለም። ትልቅ ሆስፒታል ዋርድ ውስጥ የምታገኙት ሰው እናንተ ጋ ሲደርስ በሦስት በአራት ሐኪም እጅ አልፏል። ካርዱ ላይ የበሽታው ስም ተጽፏል። ሂስትሪ ትወስዳላችሁ፣ ሳንባውን ታዳምጣላችሁ፣ ራውንድ ላይ ታቀርባላችሁ፣ ከጥቂት ቀን በኋላ አልጋው ላይ ሌላ ሰው ተኝቷል። ያ ሰው ቤቱ ገብቶ ዳነ? መድኃኒቱን ጨረሰ? አታውቁም። ጤና ጣቢያ የሚመጣው ሰው ግን ገና በሽታው ስም አልወጣለትም። "ሰውነቴን ይከብደኛል" ብሎ ይመጣል። ከሱፐርቫይዘራችሁ ጋር ተመካክራችሁ አንድ ነገር ትወስናላችሁ። በሳምንቱ ይመለሳል፣ ወይ ተሽሎታል ወይ ብሶበታል። ውሳኔው ትክክል ይሁን አይሁን የሚነግራችሁ እሱ ራሱ ነው።

አንዲት እናት ነበሩ። ግፊታቸውን መጀመሪያ ስለካው 190 በ110 ነበር፣ ሌላ ቀን ደግመን ስንለካውም ከዚያ ብዙም አልራቀም። አምሎዲፒን የሚባል የግፊት መድኃኒት ተጀመረላቸው። በወሩ ተመለሱ፣ ግፊቱ ያው ነው። "መድኃኒቱን ይወስዳሉ እማማ?" አልኳቸው። "እንዴታ ልጄ!" አሉኝ። ሆስፒታል ቢሆን ቀጣዩ እርምጃ የታወቀ ነው፣ ወይ ዶዙ ይጨመራል ወይ ሁለተኛ መድኃኒት ይታከላል። እኛ ግን በዚያው ሳምንት ወደ እሳቸው መንደር የምንወጣበት ፕሮግራም ስለነበረን ቤታቸው ጎራ አልን። መድኃኒቱን ያሳዩን ስንላቸው ከሣጥን ውስጥ በጨርቅ ተቋጥሮ ወጣ። አብዛኛው ፍሬ ከነማሸጊያው አለ። "ራሴን ሲያመኝ እወስደዋለሁ። ደህና ሆኜ ሳለሁ ለምን እጨርሰዋለሁ? መንገዱ ሩቅ ነው" አሉን። ልክ ናቸው እኮ። ውድ ነገር ነው፣ ለክፉ ቀን ይቀመጣል። ግፊት ሳያምም እንደሚጎዳ የነገራቸው ሰው አልነበረም፤ ቢነግራቸውም በሚገባቸው መንገድ አልነገራቸውም። እዛው ቁጭ ብለን አወራን። ጠዋት ፊታቸውን ሲታጠቡ አንዷን ፍሬ እንዲውጡ ተስማማን፣ ቀጠሯቸውንም ለሌላ ጉዳይ ከቤት በሚወጡበት ቀን አደረግነው። በሚቀጥለው ሲመጡ 150 በ90 ነበር። መድኃኒቱ ላይ ምንም አልጨመርንም።

ይህን ከየትኛውም ሌክቸር አላገኘሁትም። "መድኃኒት አልሰራም" ብላችሁ ከመደምደማችሁ በፊት መወሰዱን አረጋግጡ የሚለውን ሁላችንም አንብበናል፤ ጨርቁ ሲፈታ ካላያችሁ ግን አይገባችሁም። ዌልስ ውስጥ ጁሊያን ቱዶር ሃርት የሚባል ሐኪም ነበር፣ ግሊንኮሩግ በምትባል የከሰል ማዕድን መንደር ለረጅም ዓመታት የሰራ። የመንደሩን አዋቂ ሰው ሁሉ፣ ታመምኩ ብሎ ያልመጣውንም ጭምር፣ ግፊት እየለካ መዝግቦ በመከታተል ይታወቃል። ጥሩ ሕክምና ይበልጥ በሚያስፈልገው ሕዝብ አካባቢ ይበልጥ ይጠፋል የሚለውን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1971 የጻፈው እሱ ነው። ገጠር ስትደርሱ ያ ሐሳብ ምን ማለት እንደሆነ በመጀመሪያው ሳምንት ታዩታላችሁ።

ሁለተኛው ነገር እጃችሁና ዓይናችሁ ነው። ኤክስሬይ የሌለበት ቦታ ሕፃን ሲያስል የሚመጣ ቤተሰብ ብዙ ነው፣ ኒሞኒያ ነው ወይስ ጉንፋን? ይህን ያስተማረችኝ ብዙ ዓመት የሰራች ነርስ ናት። ስቴቶስኮፔን አውጥቼ ልጁ ደረት ላይ ላደርግ ስል እጄን ያዘችኝና "ቆይ፣ መጀመሪያ እየው" አለችኝ። ሕፃኑ እናቱ እቅፍ ውስጥ ሳያለቅስ ሳለ ልብሱን ቀስ አድርጋ ከፍ አደረገችው። ሰዓቷን አየች። ሙሉ አንድ ደቂቃ ሆዱና ደረቱ ሲነሳና ሲወርድ ቆጠርን። ሰላሳ ሴኮንድ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት አይሆንም፣ ሕፃን ትንፋሹ ወጥ አይደለም። ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት ያለ ልጅ በደቂቃ 50 እና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ያለው 40 እና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ ፈጣን ነው። ከ2 ወር በታች ላለው ወሰኑ 60 ነው። ካለቀሰ ቁጥሩ ዋጋ የለውም፣ እስኪረጋጋ ጠብቃችሁ እንደገና። ቀጥሎ የታችኛው ደረቱ አየር ሲስብ ወደ ውስጥ ይገባል ወይ? ይጠባል ወይ? ያንቀጠቅጠዋል ወይ? ይነቃል ወይ? ስቴቶስኮፑ ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው የመጣው። አሁንም የትም ቦታ ሕፃን ሳይ መጀመሪያ እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ አያለሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ ልበል። ገጠር ስትሄዱ ከሐኪም ብቻ እማራለሁ ብላችሁ ከሄዳችሁ ግማሹን ትተዉታላችሁ። አዋላጇ፣ ነርሱ፣ የላብራቶሪ ቴክኒሻኑ፣ ቤት ለቤት የሚዞሩት የጤና ሠራተኞች፣ ሁሉም አስተማሪ ናቸው። ማን ቤት ነፍሰ ጡር እንዳለች፣ የትኛው ምንጭ እንደተበከለ፣ ማን መድኃኒቱን እንዳቋረጠ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። "ዶክተር" እያሉ ስለጠሯችሁ ከእነሱ የበለጠ የምታውቁ እንዳይመስላችሁ። ጠይቁ። ሲያስተምሯችሁ ደስ ይላቸዋል።

ወደ ሪፈር ልምጣ፤ ከሁሉም በላይ ያስጨነቀኝና ከሁሉም በላይ ያስተማረኝ እሱ ነው። ትልቅ ሆስፒታል ውስጥ ጥያቄው "ይህ ታካሚ ምን ያስፈልገዋል?" ነው። ገጠር ውስጥ ሌላ ጥያቄ ይጨመርበታል፣ የሚያስፈልገው ነገር ጋ እስኪደርስ ስንት ሰዓት ይፈጃል፣ እስከዚያስ በሕይወት እንዲቆይ እኔ አሁን እዚህ ምን ላድርግለት? አንድ ምሽት የመጀመሪያ እርግዝናዋ የሆነ ወጣት ከባድ ራስ ምታት ይዟት መጣች። ዓይኗ ብዥ ይልባታል። ግፊቷ 170 በ110፣ ሽንቷ ውስጥ ፕሮቲን አለ። ዝናብ እየዘነበ ነው፣ ወንዙ ከሞላ አምቡላንሱ አይሻገርም። አዋላጇ ሲስተር አልተርበተበተችም። መጀመሪያ ስልክ ደወለች፣ የሚቀበለው ሆስፒታል ምን እየመጣ እንደሆነ አስቀድሞ አወቀ። ከዚያ እንዳያንቀጠቅጣት ማግኒዥየም ሰልፌት፣ ሎዲንግ ዶዙን (የመጀመሪያውን ትልቅ መጠን)፣ ከዚህ ከመነሳቷ በፊት። የግፊት መድኃኒቱም ተሰጠ። እኔ የጉልበቷን ሪፍሌክስ እያየሁ፣ ትንፋሿን እየቆጠርኩ፣ የሽንቷን መጠን እየመዘገብኩ ነበር፤ ማግኒዥየም ሲበዛ መጀመሪያ ሪፍሌክስ ይጠፋል፣ ከዚያ ትንፋሽ ይደክማል፣ ማርከሻው ካልሲየም ግሉኮኔት ደግሞ ጎናችን ተቀምጧል። የሪፈር ወረቀቱ ላይ የተሰጣትን መድኃኒት ከነሰዓቱ ጻፍኩ። ሲስተሯ አብራት ሄደች።

መንገድ ላይ እንዳትንቀጠቀጥ ያደረጋት ከመነሳቷ በፊት የተሰራው ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ። ከሳምንታት በኋላ ልጇን ለክትባት ይዛ መጣች።

ሴሪን ታዴየስና ደቦራ ሜይን የሚባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1994 እናቶች ለምን እንደሚሞቱ ሲያስረዱ ሦስት መዘግየቶችን ለይተው ነበር፣ ለመታከም ለመወሰን መዘግየት፣ ሕክምናው ጋ ለመድረስ መዘግየት፣ ከደረሱ በኋላ ተገቢውን ሕክምና ለማግኘት መዘግየት። ለፈተና ሸምድዳችሁታል። ገጠር ስትሆኑ ሦስቱንም በአንድ ምሽት ታዩአቸዋላችሁ፣ እናም የትኛው ላይ እጃችሁ እንደሚደርስ ትጠይቃላችሁ። ስለዚህ ሪፈር ያደረጋችሁትን ሰው ዝም ብላችሁ አትልቀቁ። የተቀበለው ሐኪም ጋ ደውሉ። ዲያግኖሲሱ ምን ሆነ? ምን አደረጋችሁለት? እኛ ምን ማድረግ ነበረብን? ሲወጣ የሚሰጠውን ማጠቃለያ ይዞ እንዲመጣ ንገሩት። አብዛኞቹ ሐኪሞች ተማሪ ደውሎ ሲጠይቃቸው በደስታ ይነግራችኋል፣ እኔን የተቆጣኝ የለም።

ትንሽ ማኅበረሰብ ሌላም ጥቅም አለው፣ የበሽታ አካሄድ ይታያል። ከተማ ውስጥ ማን ከማን እንደያዘው አታውቁም። ሰሜን እንግሊዝ ዌንስሊዴል ውስጥ ይሰራ የነበረው የገጠር ሐኪም ዊልያም ፒክልስ እ.ኤ.አ. በ1929 የገባውን የወይቦ ወረርሽኝ የተከታተለው ሰዎቹን ሁሉ በስም ስለሚያውቅ ነው። ጠዋት አልጋ ላይ ታማ ያያት ልጅ በዚያው ቀን የመንደር በዓል ላይ መገኘቷን ደረሰበት፣ እዚያ ያገኘቻቸው ሰዎች ከአንድ ወር ገደማ በኋላ ሲታመሙም መዘገበ። በሽታው ሰውነት ውስጥ ገብቶ እስኪታይ ስንት ቀን እንደሚፈጅ ያወጣው በዚህ መንገድ ነው። ጀርመናዊው ሮበርት ኮህም የአንትራክስን (አባ ሰንጋ) ጀርም እ.ኤ.አ. በ1876 ሲያሳይ የአንዲት ትንሽ ከተማ የወረዳ ሐኪም ነበር። እናንተም ቀላል ደብተር ያዙ፤ ቀን፣ ዕድሜ፣ መንደር፣ ምልክት፣ ውጤት። ስም አትጻፉበት። እኛ ጋ የተቅማጥ ታካሚዎች ከአንድ አቅጣጫ እየበዙ መሆናቸውን ያየነው እንዲህ ካለ ደብተር ነው፣ የውኃው ምንጭ የተመረመረውም ከዚያ በኋላ ነው።

አሁን ከመሄዳችሁ በፊት መጠየቅ ያለባችሁን። ዋናው ጥያቄ አንድ ነው፣ የሚቆጣጠረኝ ማነው? ስሙን እወቁ። በሳምንት ስንት ቀን እንደሚገኝ፣ ሌሊት ብደውል ማን እንደሚያነሳ፣ እሱ ሲወጣ ማን እንደሚተካው ጠይቁ። "እዛ ስትደርሱ ይነገራችኋል" የሚል መልስ አትቀበሉ። ተማሪ ናችሁ። ሐኪም ስለጠፋ ክፍተት መሙያ ሆናችሁ ብቻችሁን ተመላላሽ ክፍል እንድትቀመጡ ከተደረገ ያ ትምህርት አይደለም፣ ለታካሚውም አደጋ ነው። ድሀና ገጠሬ ስለሆነ ተማሪ ይለማመድበት የሚለውን አስተሳሰብ ከልቤ እቃወማለሁ። ተማሪ መሆናችሁን ለእያንዳንዱ ታካሚ ንገሩ፣ ፈቃዱን ጠይቁ፣ እምቢ ካለ አክብሩ። የማታውቁትን "አላውቀውም፣ ጠይቄ ልምጣ" በሉ። ከምታስቡት በላይ ሰው ያከብራችኋል በዚህ።

ሚስጥር መጠበቅ ደግሞ ከከተማ ይከብዳል። ጠዋት የመረመራችሁትን ሰው ከሰዓት መንገድ ላይ ታገኙታላችሁ። ጎረቤቱ "እሱ ምን ሆኖ ነው የመጣው?" ይላችኋል፣ ለክፋት አይደለም፣ አስቦለት ነው። መልሳችሁ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ይሁን፤ "እሱን ራሱን ይጠይቁት"። ደህና ነው እንኳ አትበሉ፣ ምክንያቱም ስለ አንዱ "ደህና ነው" ብላችሁ ስለሌላው ዝም ካላችሁ ዝምታችሁ መልስ ሆነ። ታካሚውን መንገድ ላይ ስታገኙም ሰላምታ ብቻ፣ እሱ ካላነሳው ስለ ሕመሙ አታንሱ። መንገድ ላይ ቁስሉን ገልጦ የሚያሳያችሁ ካለ ደግሞ በትህትና "ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ ይምጡ፣ በደንብ እናየዋለን" በሉት፤ አስቸኳይ ከሆነ ግን ያኔውኑ ይዛችሁት ሂዱ።

ስለ ፈተና የምትጨነቁት ነገር አለ። አውስትራሊያ ውስጥ ፍሊንደርስ ዩኒቨርሲቲ ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተማሪዎችን ሙሉ ዓመት በገጠር ከተሞች ያስተምራል፣ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ ጥናታቸው የገጠሮቹ ተማሪዎች ትልቁ ሆስፒታል ከቀሩት ጓደኞቻቸው የተሻለ የፈተና ውጤት እንዳመጡ አሳይቷል። አሜሪካ ውስጥ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ከ1971 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሦስተኛ ዓመት ተማሪዎችን ለዘጠኝ ወር ገጠር ይልካል። የጎንደሩ የሕዝብ ጤና ኮሌጅም እ.ኤ.አ. በ1954 ሲከፈት የጤና መኮንን፣ ነርስና ሳኒታሪያን (የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያ) ተማሪዎችን በቡድን ጤና ጣቢያ ማሰልጠንን መሠረቱ አድርጎ ነው የተነሳው። አዲስ ሙከራ አይደለም ማለቴ ነው።

ግን ጥሩ ውጤት በራሱ አይመጣም። እኔ የተማርኩት በየምሽቱ አንድ ታካሚ መርጬ ስለሱ በማንበብ ነው። ቀን ተቅማጥ ካየሁ ማታ ስለ ውኃ ማነስ ደረጃዎች፣ ስለ ዚንክ፣ ስለ ሶዲየምና ፖታሲየም አነባለሁ። አንድ ስኳር ታካሚ እግሩ ከቆሰለ ከነርቩ እስከ ደም ሥሩ እሄዳለሁ። የምታነቡት ነገር ፊት ስላለው አይረሳም። ኢንተርኔት ይጠፋል ብላችሁ ገምቱ፣ የሕክምና መመሪያዎችንና መጻሕፍትን ከመሄዳችሁ በፊት ስልካችሁ ላይ አውርዱ። ሱፐርቫይዘራችሁን ደግሞ በሳምንት አንድ ጊዜ ቁጭ ብሎ ኬዞቻችሁን እንዲያይላችሁ ጠይቁት፣ ቀኑ ይወሰን፣ ካልተወሰነ ሥራ ይበላዋል።

የሚቀርባችሁ ነገርም አለ፣ አልደብቃችሁም። አይሲዩ (የጽኑ ሕሙማን ክፍል) አታዩም። ከባድ ቀዶ ሕክምና፣ ካንሰር ሕክምና፣ ብርቅዬ የሆርሞን በሽታዎች፣ እነዚህን በመጽሐፍ ብቻ ታልፏቸዋላችሁ። ስትመለሱ ክፍተታችሁን አውቃችሁ ለይታችሁ ሙሉት፣ የመጀመሪያዎቹን ወራት እዚያ ላይ አውሉ። የሥነ አእምሮ ሕመምን ግን ገጠር የለም ብላችሁ እንዳትዘሉት። ሞልቷል። እንቅልፍ አጣሁ፣ ልቤ ይመታል፣ ሆዴን ይነፋኛል ብሎ የሚመጣው ሰው ላይ ጊዜ ወስዳችሁ ስለ ኑሮው ጠይቁ።

ብቸኝነቱ ከባድ ነው። በተለይ መጀመሪያ ላይ፣ በተለይ ማታ። አንድ ሕፃን ከሞተብን በኋላ ለቀናት ምግብ አልበላልኝም። የረዳኝ ሲስተሯ በማግስቱ "ና፣ ቁጭ ብለን እንየው" ማለቷ ነው። ከመጣበት ሰዓት ጀምሮ ምን እንደተደረገ በቅደም ተከተል አየን፣ ማን ጥፋተኛ ነው ሳይሆን የትኛው ሰዓት ላይ ምን ይለወጥ ነበር ብለን። የመተንፈሻ አምቡ ባጉና ማስኩ የሚቀመጥበት ቦታ የተለወጠው ያን ቀን ነው፣ አሁን ከማዋለጃው አልጋ አጠገብ ነው። እንዲህ የሚያነጋግራችሁ ሰው እዛ ከሌለ በስልክ የሚያገኛችሁ አንድ የክፍል ጓደኛ ይኑራችሁ፣ ቀንና ሰዓት ቆርጣችሁ ተነጋገሩ። ሐዘኑ ሥራችሁን መሥራት እስኪከለክላችሁ ከቆየ ለትምህርት ክፍላችሁ ንገሩ። ማንም እንደ ድክመት ሊያይባችሁ አይገባም።

በመጨረሻ ስለ መውጣት። ተማሪዎች ሲወጡ ብዙ ጊዜ ሻንጣቸውን ይዘው ይሄዳሉ፣ ለሰዎቹ አይነግሩም። ግፊት፣ ስኳር፣ የሚጥል በሽታና ቲቢ የምትከታተሏቸውን ሰዎች ከሳምንታት በፊት አስቀድማችሁ ንገሯቸው፣ "እኔ በዚህ ቀን እሄዳለሁ፣ ከዚያ በኋላ የሚያይዎት እገሌ ነው" በሏቸው፣ ሰውየውንም ፊት ለፊት አስተዋውቋቸው። ካርዳቸው ላይ የመጨረሻውን መለኪያ፣ የሚወስዱትን መድኃኒትና ዶዝ፣ የሚቀጥለውን ቀጠሮ በሚነበብ ጽሕፈት ጻፉ። ደብተራችሁንም ለሚቀጥለው ተማሪ አስረክቡ።